ጨው ውሃ የሚስብ ከሆነ ለምለም ለተቅማጥ እንዴት ይሰጣል?

ጠያቂ (የ9ኛ ክፍል ተማሪ)
ሰላም ለሁላችሁ። ኦስሞሲስ እየተማርን ነው። ድንች ቆራርጠን ጨው የበዛበት ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍነው። በኋላ ስናወጣው ልፍስፍስ ብሎ ጣት ላይ ይተጣጠፋል። መምህራችን ውሃው ከድንቹ ሴሎች ወጥቶ ወደ ጨዋማው ውሃ ስለሄደ ነው አሉን። እሱስ ገብቶኛል። ግን ቤት ስገባ እናቴ ተቅማጥ ለያዛት ትንሽ እህቴ ለምለም (በውሃ የሚበጠበጠውን የተቅማጥ ዱቄት፣ ኦአርኤስ) በጥብጣ ታጠጣታለች፤ ፓኬቱን ሳነበው ጨው አለበት። ታዲያ እንደ ድንቹ ውሃዋን አይጨርሰውም? ስኳሩስ ለጣዕም ነው?

የባዮሎጂ አስተማሪ
ነገሩ መጠኑ ላይ ነው። የሴሉ ሽፋን ውሃን ያሳልፋል፣ ጨውን ግን እንዲህ በቀላሉ አያሳልፍም። ስለዚህ ውሃው የሟሟ ነገር ወደበዛበት ጎን ያመዝናል። ድንቹን የዘፈዘፋችሁበት ውሃ ከሴሉ ውስጥ በጣም የበለጠ ጨው ነበረበት። ለምለም ግን ቀጭን ነው። በ1 ሊትር ውስጥ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ ከዚያ ፖታሲየም ክሎራይድና ሲትሬት። ሁሉም ተደምሮ 245 ሚሊኦስሞል (የሟሟ ነገር ብዛት መለኪያ) ነው፣ ደማችን ደግሞ 290 አካባቢ። ከደም ስለሚቀጥን ከሰውነቷ ውሃ አይስብም።

ጤና መኮንን
ስኳሩ ለጣዕም አይደለም፤ ይሄ እኔን እስከዛሬ የሚገርመኝ ነገር ነው። የአንጀት ሴሎች ሽፋን ላይ ኤስጂኤልቲ1 የሚባል ፕሮቲን አለ፣ በር በለው። ሶዲየም ብቻውን ቢመጣ አያስገባውም፣ ግሉኮስም ብቻውን ቢመጣ እንደዚያው፤ ሁለት ሶዲየምና አንድ ግሉኮስ ሲገናኙ ነው ተያይዘው የሚገቡት፣ ውሃውም ይከተላቸዋል። ሴሉ ወደ ደም በሚያይበት ጎኑ ደግሞ ፓምፕ አለው፤ አንድ ኤቲፒ (የሴሉ ጉልበት መያዣ) እያቃጠለ 3 ሶዲየም ያስወጣል፣ 2 ፖታሲየም ያስገባል። አክቲቭ ትራንስፖርት የምትሉት ይሄ ነው። ፓምፑ ሶዲየሙን እየጠረገ ስለሚያወጣ ከአንጀት ሌላ ሶዲየም ይገባል። ኮሌራ እንኳ ይህን በር አያበላሸውም። እ.ኤ.አ. በ1971 ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች ህንድ ድንበር ላይ በኮሌራ ሲረግፉ፣ በደም ስር የሚሰጠው ፈሳሽ አልበቃ ሲል፣ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ግሉኮስ በውሃ አስበጥብጠው በአፍ እያጠጡ ስንቱን አትርፈዋል።

ነርሷ
አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ እናቶች ይጠንክርላት ብለው ፓኬቱን በግማሽ ሊትር ይበጠብጡታል። አደራ! 245 የተባለው 490 ይሆናል፣ ያኔ የድንቹ ነገር መጣ ማለት ነው። በባለ አንድ ሊትሩ ሃይላንድ ሙሉ ንጹህ ውሃ አንድ ፓኬት፣ በቃ። 24 ሰዓት ያለፈውን ድፉት። ዓይኗ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃታት ወይም ሰገራዋ ላይ ደም ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዷት።

ጠያቂ
በጣም አመሰግናለሁ፣ አሁን ገባኝ። ጣዕሙን ግን ጠልታዋለች። ትንሽ ስኳር ብንጨምርበትስ?

ነርሷ
አይሆንም የኔ ወንድም። ሳይገባ የተረፈው ስኳር አንጀቷ ውስጥ ቀርቶ ራሱ ውሃ ይስባል፣ ተቅማጡ ይብስባታል። በማንኪያ ጥቂት ጥቂት ስጧት። ካስመለሳት 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ከበፊቱ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ።