የጋራ ረቂቅ፦ ልጆችን ስለ ዓለትና ማዕድን እንዴት እናስተምር?

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን ያለን ረቂቅ ይሄ ነው። ለ3ኛና ለ4ኛ ክፍል ስድስት ክፍለ ጊዜ፤ መጀመሪያ ሦስቱ የዓለት ዓይነቶች (የቀለጠ ዓለት ቀዝቅዞ የሚሆነው ቅልጥ፣ ደለል ተጠቅጥቆ የሚሆነው ዝቅጥ፣ በሙቀትና በግፊት የተለወጠው ልውጥ)፣ ቀጥሎ ማዕድናት፣ መጨረሻ ላይ የጽሑፍ ፈተና። የሚቀየር ካለ አሁን ይነገር፣ ከገባ በኋላ ማማረር የለም።

የ3ኛ ክፍል መምህርት፦ እኔ ቅደም ተከተሉ አልተዋጠልኝም። «ቅልጥ፣ ዝቅጥ፣ ልውጥ» ብለን ከጀመርን ልጆቹ እንደ መዝሙር ይሸመድዱታል። ድንጋዩን እጃቸው ላይ ስናስቀምጥላቸው ግን ዝም ይላሉ። መጀመሪያ ይንኩ፣ ይጫሩ፣ ያነጻጽሩ። ስሙ ይደርሳል።

የጂኦሎጂ ባለሙያ፦ እደግፋለሁ፤ ከማዕድን እንጀምር። ግራናይትን በማጉያ መነጽር ያየ ልጅ ብርጭቆ የሚመስለውን ኳርትዝ፣ ነጭ ወይም ሮዝ የሆነውን ፌልድስፓርና የሚያብለጨልጨውን ሚካ ለየብቻ ያገኛቸዋል። ዓለት የማዕድናት ስብስብ መሆኑን ከዚያ በኋላ ማስረዳት ቀላል ነው።

ለጥንካሬ፣ ማለትም ማዕድኑ መጫርን ምን ያህል እንደሚቋቋም ለማየት፣ ደግሞ የማዕድን ተመራማሪው ፍሬድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ያወጣውን መለኪያ እንጠቀም። ከ1 (በጣም ለስላሳው ታልክ) እስከ 10 (በጣም ጠንካራው አልማዝ) ይሄዳል። አሥሩንም ስም ማስጠናት አያስፈልግም። ሦስት ናሙና፣ ጥፍርና የብረት ሚስማር ይበቃናል። ጥፍር 2.5 ገደማ ስለሆነ ጂፕሰምን (2) ይጭራል፣ ካልሳይትን (3) አይችለውም። ሚስማሩ ካልሳይትን ይጭራል፣ ኳርትዝ (7) ላይ ግን ይሸነፋል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ልጆቹ ራሳቸው ይድረሱበት።

የቤተ ሙከራ ኃላፊ፦ ረቂቁ ላይ «በቀለም መለየት» የሚል አለ። ይቆይ?

የጂኦሎጂ ባለሙያ፦ ብቻውን አይቆይ፣ ቀለም ያታልላል። ኳርትዝ ነጭም፣ ሮዝም፣ ሐምራዊም ይሆናል። ማዕድኑን በሴራሚክ ንጣፍ ሻካራ ጀርባ ላይ ፈግፍገው የሚተወውን የዱቄት መስመር ይዩ። የብረት ማዕድን የሆነው ሄማታይት ጥቁር ወይም ብርማ መስሎ ቀይ ቡናማ መስመር ይተዋል። ወርቅ የሚመስለው ፓይራይት መስመሩ አረንጓዴ ያዘለ ጥቁር ነው። ከስድስቱ ክፍለ ጊዜ አንዱን ሙሉውን ለዚህ ብንሰጥ አይቆጨንም።

የ4ኛ ክፍል መምህር፦ «ጠመኔ ላይ አቼቶ ጠብ ማድረግ» የሚለው ይውጣ። ዛሬ ብዙው የሰሌዳ ጠመኔ ከጂፕሰም ስለሚሠራ አረፋ አያወጣም። ልጆቹ አፍጥጠው ይጠብቃሉ፣ ወፍ የለም። በምትኩ የኖራ ድንጋይ ይሁን። አቼቶ ደካማ አሲድ ስለሆነ ድንጋዩ ተፈጭቶ ቢቀርብ አረፋው ጎልቶ ይታያል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በዚህ ዕድሜ አይታሰብም።

ሦስቱ ዓለቶች እንዴት እንደሚፈጠሩ በክሬዮን (በሰም ቀለም) ፍርፋሪ የሚያሳየው ሥራም ይታረም። ፍርፋሪውን ተጭኖ ማጣበቅ ለዝቅጥ፣ አቅልጦ ማቀዝቀዝ ለቅልጥ ጥሩ ነው። ልውጡንም በማቅለጥ ማሳየታችን ግን ስህተት ነው፤ ልውጥ ዓለት ሳይቀልጥ፣ ጠጣር እንደሆነ ነው በሙቀትና በግፊት የሚለወጠው። በእጅ ሙቀት አለስልሶ መጫን ይሻላል።

የወላጆች ተወካይ፦ እኔ የምጠይቀው ስለ ደህንነት ነው። ቅመሱ የሚባል ነገር አለ እንዴ?

የቤተ ሙከራ ኃላፊ፦ የለም፣ ጨውም ቢሆን። የጨው ቅንጣት ኩብ ቅርጽ በማጉያ መነጽር ይታያል፣ ያ ይበቃል። መርዛማው የእርሳስ ብረት ያለበት ጋሌናና ብናኙ ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ ናሙና ውስጥ አይገቡም። መዶሻ የሚይዘው መምህሩ ብቻ ነው፣ እሱም መከላከያ መነጽር አድርጎ።

የ3ኛ ክፍል መምህርት፦ ፈተናውስ? ስም ጻፉ ካልን የለፋነው ሁሉ ገደል ገባ። ለእያንዳንዱ ልጅ የማያውቀውን ናሙና እንስጠውና «ምን ሞከርክ? ምን አየህ? ስለዚህ ምን ይመስልሃል?» እንበለው። ስሙን ቢስት እንኳ ምክንያቱ ከሙከራው ጋር ከሄደ ነጥብ ያግኝ።

አስተባባሪ፦ ተቀባይነት አግኝቷል፣ አስገብቼዋለሁ። አዲሱ ቅደም ተከተል ማዕድን፣ ሙከራ፣ ከዚያ የዓለት ዓይነቶች ነው። የናሙና ዝርዝሩን ባለሙያው፣ የደህንነት ገጹን የቤተ ሙከራ ኃላፊው ይጻፉልን። ያልተወሰነው አንድ ነገር ነው፦ አንድ የናሙና ሣጥን ለአራት ልጅ ወይስ ለስድስት? በጀቱ የሚወጣው በዚህ ስለሆነ እየመረጣችሁ።

የ4ኛ ክፍል መምህር፦ ለአራት። በስድስት ሁለቱ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ።