ኤሎራና አጃንታን በሦስት ቀን ማየት ይቻላል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴን ለማሳከም ህንድ፣ ሙምባይ ነው ያለነው። ተመስገን ህክምናው አልቋል። ከመመለሳችን በፊት እሑድ፣ ሰኞና ማክሰኞ ነጻ ነን። እናቴ ላሊበላን ተሳልማለች፤ እዚህም ኤሎራና አጃንታ የሚባሉ ከዓለት የተፈለፈሉ ቤተ መቅደሶች እንዳሉ ከሰማች ወዲህ "ሳላይ አልሄድም" ብላለች። ግን ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ ይከብዳታል። እንዴት ብናደርግ ይሻላል?

መልስ 1፦ እንኳን እግዚአብሔር ማረልሽ! መነሻችሁ አውራንጋባድ ከተማ ናት። ስሟ ስለተቀየረ ቲኬት ላይ "ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር" የሚል ብታዪ አትደናገሪ። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ባቡሩ ስድስት ሰባት ሰዓት ስለሚፈጅ ለእናትሽ አልመክርም። ከሁሉም በላይ ቀኑን ልብ በይ፦ አጃንታ ሰኞ ዝግ ነው፣ ኤሎራ ደግሞ ማክሰኞ። ስለዚህ እሑድ ግቡ፣ ሰኞ ኤሎራ፣ ማክሰኞ አጃንታ።

መልስ 2፦ እኔ ብሆን አጃንታን እተወዋለሁ። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ መኪናውም በር ድረስ አያደርስም፤ በአውቶቡስ ትቀይራላችሁ፣ ከዚያ ደረጃ አለ። ኤሎራ ግን 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ካሉት 34 ዋሻዎች ዋናው ካይላሳ (ቁጥር 16) ከመግቢያው ፊት ለፊት ስለሆነ እናትሽ አይደክሙም። በ8ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ወደ ታች ነው የተፈለፈለው። ግቢው ውስጥ ገብታችሁ ከሥሩ ያሉትን ዝሆኖች ቀረብ ብላችሁ እዩ። ተደርድረው ያን ሁሉ ዓለት በጀርባቸው የተሸከሙ ነው የሚመስሉት።

መልስ 3፦ አጃንታን አታስቀሪባቸው! በወንበር ተሸክመው የሚያወጡ ሰዎች አሉ፤ ዋጋውን አስቀድመሽ ተነጋገሪ። የግድግዳው ሥዕል ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ ነው። ስትገቡ ይጨልማል፣ ዓይናችሁ እስኪለምድ ትንሽ ቁሙ። ፍላሽ ክልክል ነው።

መልስ 4፦ ኤሎራ ከደረሳችሁማ ኹልዳባድ የምትባለውን ከተማ እንዳታልፉ፣ አጠገቡ ናት። የማሊክ አምባር መቃብር እዚያ ነው። በ1548 እ.ኤ.አ. ገደማ ኢትዮጵያ ተወልዶ በባርነት የተሸጠ ሰው ነው። በኋላ የአህመድናጋር መንግሥት ሁነኛ ሰው ሆኖ ሰሜን ህንድን ይገዙ የነበሩትን ሙጋሎችን ለዓመታት መክቷል። የአውራንጋባድ ከተማን የቆረቆረውም እሱ ነው፤ ያኔ ስሟ ኻድኪ ነበር። እዚህ ድረስ መጥቶ እሱን ሳያዩ መመለስ ያሳዝናል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ሰኞን ለኤሎራና ለኹልዳባድ አደረግነው። አጃንታን በጉልበቷ ሁኔታ እንወስናለን። መኪናስ?

መልስ 1፦ ለሙሉ ቀን ኮንትራት ያዙ፤ ሆቴሉ ያገናኛችኋል። ኹልዳባድን ገና ስትስማሙ ንገሩት፣ በኋላ ተጨማሪ እንዳይጠይቃችሁ። ለእናትሽ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ አድርጊላቸው፤ አንዳንዱ ቦታ ማውለቅ ግድ ነው።