ክፉም ደግም ያልሆኑ ፌይዎች (አስማት ያላቸው የተረት ፍጡራን) ጠቁሙኝ
ሰላም፣ ተቸግሬያለሁ። ለአራት ጓደኞቼ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለውን፣ ተጫዋቾች ገጸ ባህርይ ሆነው ታሪክ የሚጫወቱበትን ጨዋታ አጫውታለሁ። ታሪኩ አሁን የፌይዎች ጫካ ደርሷል። የምፈልገው ሰው ስለሚጠሉ የሚገድሉ ጭራቆችን አይደለም። ደግና ክፉ የሚባል ነገር ጭራሽ የማይገባቸው፣ ውል ግን ቃል በቃል የሚያከብሩ ፍጡራንን ነው። "ስምህን ስጠኝ" ካለህ እውነትም ስምህን ይዞት የሚሄድ ዓይነት።

እስካሁን ያሰብኩት ኬልፒን ነው። በስኮትላንድ ተረት ፈረስ መስሎ ሰው ጀርባው ላይ ያወጣና ውሃ ውስጥ ይዞት ይገባል። ሬድካፕ የሚባለው ክፉ ድንክም አለ፣ ቆቡን በደም የሚነክረው። ግን ጓደኞቼ እሱን ገና ሳያናግሩት ሰይፍ ይመዛሉ (አውቃቸዋለሁ)። ሃግ (አሮጊት ጠንቋይ መሰል ፍጡር) ለድርድር ትመች ነበር፤ ባለፈው ተጠቅሜባታለሁ።

ገጸ ባህርያቱ ሌቭል 3 ናቸው፣ ማለትም ገና ብዙ ኃይል የላቸውም። ከመዋጋት ይልቅ መደራደሩ የሚያስፈራ ምን ፍጡር ታውቃላችሁ?