ወንድሜ ዕጩ መኮንን ሆኖ ሊገባ ነው፤ በቀሩን ስድስት ሳምንታት ምን እናዘጋጅለት?

ጥያቄ፦ እህቱ፣ ከመሐል ሜዳ

ታናሽ ወንድሜ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፎ በመከላከያ ኮሌጅ ምህንድስና እየተማረ በዕጩ መኮንንነት ሊሰለጥን ተቀባይነት አግኝቷል። የመንዝ ልጅ ስለሆነ ዳገት አይፈራም። ነገር ግን ከደብረ ብርሃን ወዲያ ወርዶ አያውቅም፤ ቀጭን ነው፤ እንቅልፍም ይወዳል። እናታችን በሶውን እያስፈጨች ታለቅሳለች። ሰውነቱን በምን እናዘጋጀው? ሻንጣው ውስጥስ ምን ይግባ? ትምህርቱንና ስልጠናውን አንድ ላይ ይችለዋል? አባታችን ደግሞ «ከከበደው ትቶ ይመጣል» ይላል። እንዲህ ቀላል ነው?

መልስ፦ ሁለተኛ ዓመት ዕጩ መኮንን፣ የደብረ ሲና ልጅ

እህቴ፣ ሰው ሁሉ ስለ ፑሽአፕ ይጠይቃል። እኔን ያስለቀሰኝ ግን እግሬ ነው። ከስክስ ጫማ በተረከብን በሦስተኛው ቀን ተረከዜ ውኃ ቋጠረ፤ በአምስተኛው ቀን ፈረጠ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ እያነከስኩ ሰልፍ ተለማመድኩ። ወንድምሽ ከዛሬ ጀምሮ ቁርጭምጭሚቱን የሚሸፍን ጠንካራ ጫማ ያድርግ፤ በመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት፣ ቀጥሎ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ትንሽ ሸክም ጨምሮ ይሂድበት። ከውስጥ ስስ፣ ከላይ ወፍራም ካልሲ ቢደርብ ቆዳው አይፋቅም። የመጨረሻውን ሳምንት ግን ይረፍ፤ ደክሞ የሚገባ ሰው ምንም አልተዘጋጀም።

እንቅልፍን በተመለከተ አልዋሽሽም፤ ከባድ ነው። እኛ ጋ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ፉጨት ይነፋል። ሩጫው፣ አልጋ ማንጠፉ፣ ቁርሱና ሰልፉ አልቆ ክፍል ስንገባ ካልኩለስ ይጠብቀናል። እንቅልፍ የጣለው ተነስቶ ከኋላ ቆሞ ይማራል። እኔ የመጀመሪያውን መንፈቅ ግማሹን የተማርኩት ቆሜ ነው ማለት ይቻላል። ከመግባቱ በፊት የአስራ አንደኛና የአስራ ሁለተኛ ክፍል ሒሳቡን አንድ ጊዜ ይከልስ፤ እዚያ ከገባ በኋላ ያመለጠውን የሚያሟላበት ጊዜ አይኖረውም።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዱ ሲዘገይ የሚቀጣው ቡድኑ በሙሉ ነው። በመጀመሪያው ወር የሚያዘገየው እኔ ነበርኩ፤ ጥፋቴም የጫማ ማሰሪያ በጨለማ ማሰር አለመቻሌ ነው። እስኪ መብራት አጥፍቶ በአምስት ደቂቃ ለብሶ፣ አስሮ ለመውጣት ይለማመድ። የሚያስቅ ይመስላል፤ ሰላሳ ሰው በአንቺ ምክንያት ሲንከባለል ግን አያስቅም።

መልስ፦ ነርስ፣ ሸዋ ሮቢት

የሚገባበትን ቦታ አልጻፍሽም፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ቢሾፍቱ ከሆነ 1,900 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ብዙም አይከብደውም። ለመስክ ስልጠና ወደ ድሬዳዋ አቅጣጫ፣ እንደ ሁርሶ ወዳለ ቆላ ከወረደ ግን ትንፋሹ ቢቀለውም ሙቀቱ ይጥለዋል። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ዘመድ ካላችሁ እኛ ጋ አንድ ሳምንት ይክረምና ጠዋት ጠዋት ይሩጥ፤ ነገር ግን አጎበር ሳይዝ አይምጣ። ወባ የማያውቅ የደጋ ልጅ ሲያመው ይብስበታል። ከቆላ ከተመለሰ ከሳምንታት በኋላም ቢሆን ካተኮሰው «ጉንፋን ነው» ብሎ አይተኛ፤ ደሙን ይመርመር።

በሩጫ መሐል ንግግሩ የተዘባረቀበትና የሚንገዳገድ ጓደኛ ካየ ደግሞ ወዲያው ጥላ ውስጥ አስገብቶ ሰውነቱን በውኃ ያርሰው፤ ሐኪምም ያስጠራ። የቅልጥም አጥንቱ በአንድ ጣት በሚጠቆም ቦታ ላይ ቢያመውና እየዋለ እያደረ ቢብስበት አይደብቅ። ወንዶቹ «ሰነፍ ይሉኛል» ብለው ይሸሽጉታል፤ በጊዜ ቢታወቅ በእረፍት የሚድነው ስንጥቅ፣ ስብራት ሆኖ ወራት ያስተኛቸዋል።

መልስ፦ ጡረተኛ ሻምበል፣ ደብረ ብርሃን

ልጄ፣ የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው፤ የፊደል ግድፈት ካለ የእሱ ነው። እኔ የሐረር ጦር አካዳሚ ምሩቅ ነኝ። በህንድ መኮንኖች አሠልጣኝነት የተጀመረ፣ ትምህርቱም ሦስት ዓመት የሚፈጅ ነበር። ስለ ሩጫው ልጆቹ ነግረውሻል፤ እኔ ለአባትሽ ልመልስ።

«ትቶ ይመጣል» የሚባለው ፊርማ እስኪያርፍ ነው። ዕጩ መኮንን ሲገባ የአገልግሎት ግዴታ ይፈርማል። የሚያገለግለው ስንት ዓመት ነው? ኮሌጅ የሚቀመጥበት ጊዜ ይቆጠርለታል? ቢያቋርጥ ምን ይከፍላል? ዋስ የሚሆነው ማን ነው? አባትየው እነዚህን አራት ነገሮች ከውሉ ላይ በዓይኑ ሳያይ ልጁ እንዳይፈርም። በእኔ ጊዜ ሳያነብ የፈረመ ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ እኔም አንዱ ነኝ። አልቆጨኝም፤ ዕድል ሆኖ ነው እንጂ ብልሃት አልነበረም።

ለልጁ ደግሞ ይህን ንገሪልኝ። አሠልጣኝ ሲጮህበት በልቡ መልስ አያዘጋጅ። ጩኸቱ ለሁሉም ነው፤ የእሱ ብቻ የሚመስለው ለአንድ ወር ነው። የአንድ ዓመት ታላቁ ቢመታው ወይም ገንዘብ ቢጠይቀው ግን ያ ስልጠና አይደለም፤ ለተረኛ መኮንኑ ያመልክት።

መልስ፦ የዕጩ መኮንን እናት፣ አንኮበር

እኔም እንደ እናትሽ አልቅሻለሁ፤ ብቻዋን አይደለችም በያት። ለልጄ አንድ ሙሉ ማዳበሪያ በሶና ቆሎ፣ ለራሱ የሚቀባው የሸኖ ቅቤ ሳይቀር ቋጠርኩለት። በሩ ላይ አብዛኛው ተመለሰ፤ ፀጉሩንም በዚያው ቀን ላጩት፤ ቅቤው ለማን ይሆን ነበር? በመጀመሪያው ሳምንት ሲደውል የጠየቀኝ መርፌና ክር፣ የጥፍር መቁረጫ፣ የእግር ዱቄትና ለሻንጣው ቁልፍ ነው። ስልኩ ለብዙ ቀን ዝም ቢል አትደንግጡ፤ የሚፈቀድላቸው በተወሰነ ቀን ነው። ጾሙንም ከነፍስ አባቱ ጋር አስቀድሞ ይነጋገርበት፤ የእኔው በመጀመሪያው ወር በባዶ ሆዱ ሮጦ ወድቋል።

ከጠያቂዋ፣ ከአራት ቀን በኋላ

እግዚአብሔር ይስጥልን። አባታችን የሻምበልን መልስ ሁለት ጊዜ አስነበበኝና መነጽሩ የት እንዳለ ጠየቀ፤ ውሉን ራሱ ሊያነብ ነው። እናታችን በሶውን በግማሽ ቀንሳ መርፌና ክር ጨምራለች። ወንድሜም ትናንት ሌሊት በጨለማ መልበስ ተለማመደ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላው አስሮ ወጣ፤ አንደኛው ጫማ ግን የአባታችን ነበር።