የሜቲሊን ብሉ ቀለም ግማሹ ጠፍቶ ቆመብኝ፤ ዱቄቴ ምን ሆነ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለመመረቂያ ጥናቴ፣ ብርሃን ሲያገኝ በውኃ ውስጥ ያለ ቀለምን እንዲያፈርስ የታሰበ የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ናኖ ዱቄት በሶል ጄል ዘዴ (ፈሳሹን ወደ ጄል፣ ጄሉን ወደ ዱቄት በመቀየር) ራሴ ሠርቻለሁ። በሊትር 10 ሚሊ ግራም ሜቲሊን ብሉ (ሰማያዊ ማቅለሚያ) ካለው ብጥብጥ 100 ሚሊ ሊትር ወስጄ 0.1 ግራም ዱቄት ጨመርሁበት፤ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) 9 አድርጌ በነጭ ኤልኢዲ መብራት ሥር እያማሰልሁ አቆየሁት። በ20 ደቂቃ ውስጥ ቀለሙ በግማሽ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ውጤቱን የማቀርብበት ቀን ስለ ደረሰ እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ 1፦ መብራቱን ከማብራትዎ በፊት በጨለማ አማስለውታል? ካላደረጉት ያዩት መፍረስ ላይሆን ይችላል። ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ከፒኤች 6 አካባቢ በላይ ገጹ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይይዛል፤ ሜቲሊን ብሉ ደግሞ ፖዘቲቭ ነው። በፒኤች 9 ቀለሙ ዱቄቱ ላይ ይለጠፋል፤ ቦታው ሲሞላ ይቆማል። ዱቄቱን በሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት እያሽከረከረ በሚለይ መሣሪያ) ለይተው የራሱን የዱቄቱን ቀለም ይመልከቱ።

መልስ 2፦ ዚንክ ኦክሳይድ ቢሞክሩስ? ለእኔ በአልትራቫዮሌት መብራት በደንብ ሠርቶልኛል።

መልስ 3፦ ወንድሜ፣ በዚህ መብራት ዚንክ ኦክሳይድም አያድናትም። አናቴዝ የተባለው የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ዓይነት የሚነቃው የሞገድ ርዝመቱ ከ387 ናኖሜትር ባጠረ ብርሃን ነው፤ ዚንክ ኦክሳይድም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ነጭ ኤልኢዲ ደግሞ ከ400 በታች የሚሰጠው ብርሃን ከምንም አይቆጠርም። እህቴ፣ ዱቄትሽን ከመጣልሽ በፊት መብራቱን ቀይሪ። የ365 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት መብራት ፈልጊ፤ ይህ ጨረር ተራውን የላብራቶሪ ቢከር ያልፋል። ዓይንሽን በመከላከያ መነጽር ሸፍኚ፤ ይህን አደራ እልሻለሁ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! በጨለማ ደገምሁት፤ በ30 ደቂቃ ውስጥ ያው ግማሹ ጠፋ። ከቱቦው ሥር የተጠራቀመው ነጭ ዱቄት ሰማያዊ ሆኗል። ሳላውቅ መለጠፍን መፍረስ ብዬ ልጽፍ ነበር። አሁን በ365 መብራት ከየት ልጀምር?

መልስ 1፦ መጀመሪያ 30 ደቂቃ በጨለማ ያማስሉ፤ የመነሻ መጠን ብለው የሚመዘግቡት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ከዚያ መብራቱን አብርተው በየ15 ደቂቃው 4 ሚሊ ሊትር ይቅዱ፤ ዱቄቱን ለይተው ፈሳሹን በስፔክትሮፎቶሜትር (ፈሳሹ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመጥ በሚለካ መሣሪያ) 664 ናኖሜትር ላይ ይለኩ። ዱቄቱ በደንብ ካልተለየ ብርሃኑን በትኖ ንባቡን ያዛባዋል። ሌላ ቢከር ደግሞ ያለ ዱቄት በዚያው መብራት ሥር ያስቀምጡ፤ ሜቲሊን ብሉ ብርሃን ብቻውንም ያደበዝዘዋልና።

መልስ 3፦ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጽሑፍ ላይ ተዘሎ ሳየው ያሳዝነኛል። ቀለም ጠፋ ማለት ውኃው ጸዳ ማለት አይደለም። ሞለኪውሉ ተሰብሮ ቀለም የሌላቸው ቁርጥራጮች ሊቀሩ ይችላሉ፤ ሜቲሊን ብሉ ኦክስጅን ካጠረው ሳይፈርስም ቀለም አልባ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አየር እንዲገባበት አድርጊ፤ ላብራቶሪው መሣሪያው ካለው ጠቅላላውን ኦርጋኒክ ካርቦን (በቀለሙም በቁርጥራጮቹም ውስጥ ያለውን) በመጀመሪያና በመጨረሻ ለኪ። ከሌለው "ቀለሙ ጠፋ" ብለሽ ጻፊ እንጂ "ውኃው ተጣራ" አትበዪ።