የመንገድ ክፍያና የኤጀንሲ ቅጥር፦ ሰልፍ እንዴት ይጠራል?

ጥያቄ፦ በኤጀንሲ የተቀጠሩ የጭነት ሾፌሮች ማኅበር፣ የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ ክፍያ ከደመወዝ መቆረጡንና የአጭር ጊዜ ኮንትራት መደጋገሙን በመቃወም መስቀል አደባባይ ሊሰለፍ አስቧል። ከየት ይጀመር? ሥራ ማቆምስ?

መልስ 1፦ በሰላማዊ ሰልፍ አዋጅ 3/1983 መሠረት ፈቃድ አትለምኑም፤ ታሳውቃላችሁ። ዓላማውን፣ መነሻና መድረሻውን፣ ሰዓቱን፣ የአዘጋጆቹን ስም፣ አድራሻና ፊርማ ጽፋችሁ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ለከተማው አስተዳደር አስገቡ። ሁለት ቅጂ ያዙ። መዝገብ ቤት በአንዱ ላይ ቀንና ማኅተም ካላሳረፈበት፣ ነገ «አልደረሰንም» ቢሏችሁ ማስረጃ የላችሁም። ብዙ ሰልፍ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

መልስ 2፦ ቦታውን በሜትር ለኩ እንጂ። ከቤተ ክርስቲያንና ከኤምባሲ 100 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው፤ የእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እዚያው አደባባዩ አፍንጫ ሥር ነው።

መልስ 3፦ ሥራ ማቆም ሌላ ሕግ አለው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011። ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው የተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ ይወስናል፤ ከዚያ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ቃለ ጉባኤው ላይ የተገኙት ሁሉ ይፈርሙ።

ከሁሉ በፊት ግን የደመወዝ ወረቀቱን ተመልከቱ። «ልዩ ልዩ ተቀናሽ» የሚል መስመር ካለ ዝርዝሩን በጽሑፍ ጠይቁ። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ መቁረጥ አይቻልም፤ ድምሩም ከወር ደመወዝ ሲሶ መብለጥ የለበትም።