እጮኛዬ አሜሪካዊ ባፕቲስት ነው፤ ጾሙንና የቤተሰቡን በዓላት እንዴት እናስታርቅ?

ጠያቂ (ሜሪላንድ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እጮኛዬ ከባፕቲስት ቤተሰብ የተወለደ አሜሪካዊ ነው። በመጪው ጥር በካውንቲው ፍርድ ቤት ልንጋባ ነው። እሱ ራሱ ጾሜን ያከብራል። የሚያስጨንቀኝ የእናቱ ነገር ነው፤ ታንክስጊቪንግ (የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል) ላይ ያቀረበችውን ሳልበላ ስቀር ንቀት ይመስላታል ብዬ እፈራለሁ። በየቀኑ ሁለት ዓይነት ምግብ ማብሰልስ ይዘለቃል? የምታውቁ በዝርዝር ንገሩኝ።

ባሕረ ሐሳብ፦
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የሁለታችሁን በዓላት አንድ ወረቀት ላይ አውጧቸው። ጠቡ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ግብዣው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው «ለካ ጾም ነው» ሲባል ነው።

ታንክስጊቪንግ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው፤ ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። በ2026 በዓሉ ኖቬምበር 26 ስለሚውል ጾሙ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ይሆናል። በ2027 ሁለቱም ኖቬምበር 25 ላይ ይገጥማሉ። በ2028 ግን በዓሉ ኖቬምበር 23 ነው፤ ጾሙ በማግሥቱ ስለሚገባ የበዓሉን ተርኪ አብረሽ ትበያለሽ። የእነሱ ገና፣ ዲሴምበር 25፣ ሁልጊዜም በጾም ውስጥ ነው።

ፋሲካ በ2027 የእነሱ ማርች 28፣ የእኛ ሜይ 2 ነው። የእነሱ በዓል የሚውለው በዐቢይ ጾም፣ በመጻጉዕ እሑድ ነው። በ2028 ሁለቱም ኤፕሪል 16 ናቸው። ቤተሰቡን ቤታችሁ ለመጥራት በዓለ ኀምሳን፣ ማለትም ከፋሲካ በኋላ ያሉትን ኀምሳ ቀናት ያዢ፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። በ2027 ሜይ 31 የሚውለው ሜሞሪያል ደይ እዚያ ውስጥ ይገባል። የነጻነት በዓላቸው ጁላይ 4 ግን የሰኔ ጾም ላይ ይወድቃል።

ጓዳ፦
በየቀኑ ሁለት ወጥ ከባዶ መሥራት አይዘለቅም። መፍትሔው አንድ ቁሌት ነው። ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አድቅቀሽ ያለ ዘይት በዝግታ አብስዪ። ውሃው ሲመጥ አንድ ተኩል ኩባያ ዘይት፣ ቀጥሎ አንድ ኩባያ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምረሽ፣ እንዳያር ውሃ ጠብ እያደረግሽ ዘይቱ ወደ ላይ እስኪወጣ አቁላዪው። ቅቤ በፍጹም አይግባበት። ሲቀዘቅዝ በትናንሽ ዕቃ ከፋፍለሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ። ማታ አንዱን ለምስርሽ፣ አንዱን ለእሱ ሥጋ ታወጫለሽ፤ ንጥር ቅቤ የሚገባው በእሱ ድስት ብቻ ነው። ቃጠሎ ካልለመደ፣ የእሱን ድርሻ በርበሬው ከመግባቱ በፊት ቀንሽለት። መጥበሻና ማማሰያም የጾምና የፍስክ ብለሽ ለዪ፤ የእንጨት ማማሰያ ቅቤ ይጠጣል።

የታንክስጊቪንግ ገበታ ችግሩ ተርኪው አይደለም፣ እሱ ይታያል። የሚያሳስተው የተደበቀው ነው። የተፈጨው ድንች ወተትና ቅቤ አለበት። ስታፊንጉ (ከዳቦ የሚሠራው) የሚርሰው በዶሮ መረቅ ነው፣ ፎሶሊያው ቤከን ይገባበታል፣ ፓምፕኪን ፓዩ እንቁላልና ወተት ነው። «አትክልት እኮ ነው» ሲሉሽ ከልባቸው ነው፤ ስለዚህ ጠይቂ። ክራንቤሪ ሶስ ብዙውን ጊዜ ስኳርና ፍሬው ብቻ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ለእናቱ ደውለሽ ሁለት ነገር ብቻ ለምኛት፦ ድንቹ ወተትና ቅቤ ሳይገባበት አንድ ሳህን እንድታስቀርልሽና ትንሽ ስታፊንግ በአትክልት መረቅና በዘይት ለብቻ እንድትሠራልሽ። አንቺም ለሁሉም የሚበቃ አልጫ ምስር ወይም ቀይ ሥር በድንች ይዘሽ ሂጂ። ለራስሽ ብቻ ቋጥረሽ ከሄድሽ ነው ንቀት የሚመስለው።

መንገደኛ፦
ጓዳ ያለችው ሁሉ ልክ ነው፤ ስልኩን ግን እሱ ይደውል። የእሱን ወገን እሱ፣ የአንቺን ወገን አንቺ። እናት ከልጇ ስትሰማ ጥያቄ ነው፤ ገና ካልለመደቻት ምራት ስትሰማ ትእዛዝ ይመስላታል። ሰዓቱንም አብሮ ይንገራት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ፣ ገበታው በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ከቀረበ ባዶ ሳህን ይዘሽ ትቀመጫለሽ።

የሰንበት ተማሪ፦
ማንም ያላነሣውን ላንሣ። ቤተ ክርስቲያናችን በጾም ወራት ባልና ሚስት ከሩካቤ እንዲታቀቡ ታስተምራለች። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ጾመ ነቢያት 43 ቀን ነው። ይህን ከሠርግ በኋላ የሚሰማ ሰው የተገፋ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ከጥር በፊት ተነጋገሩበት። መነሻችሁ 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5 ይሁን፤ እሱም የሚቀበለው መጽሐፍ ነው፣ እዚያም መታቀቡ በሁለቱ ስምምነት እንዲሆን ተጽፏል። ከዚያ አብራችሁ ወደ ንስሐ አባትሽ ሂዱ። አንቺ ራስሽ አታስተርጉሚ፤ እዚሁ ያደገ፣ እንግሊዝኛው የሰላ ዲያቆን ይዘሽ ሂጂ። አፍረሽ የምታስቀሪው ነገር አይጠፋም።

ሌላው፣ እሱ ተምሮና ተጠምቆ ካልገባ በቀር ተክሊልም ቁርባንም አይፈጸምላችሁም። በካውንቲ ጋብቻ ብቻ ስትኖሪ ሥጋ ወደሙ መቀበል አትችዪም። ከባድ ነው፣ ግን ቀድመሽ ማወቅ አለብሽ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጅ ብንወልድስ? ወላጆቹ ሕፃን ማጥመቅን ፈጽሞ አይቀበሉም።

የሰንበት ተማሪ፦
ባፕቲስቶች ጥምቀትን የሚሰጡት ራሱ አምኖ ለሚመሰክር ሰው ነው። ስለዚህ ለእናቱ «ስም ማውጫ ነው» ብለሽ አታለሳልሺው፤ ቆይታ እውነቱን ስታውቅ የበለጠ ያስቀይማታል። ከእጮኛሽ ጋር ከእርግዝና በፊት ወስኑ፣ ለወላጆቹም ውሳኔ ሆኖ ይድረሳቸው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ትጠመቃለች። የክርስትና አባት ወይም እናት ኦርቶዶክስ መሆን ስላለበት ወንድሙን ልትመርጪ አትችዪም። ለእነሱ ወገን የሚቀረው የመዝገቡ ስም ነው፤ የክርስትና ስም በልደት ሰርተፊኬት ላይ አይገባምና አያቶቹ የወደዱትን ስም ያውጡ።

ወላጆቹ መገኘት ከፈለጉ ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት አጥቢያሽ በዚያ ቀን ቅዳሴ እንዳለው ጠይቂ። አርባው ወይም ሰማንያው ማክሰኞ ቢውልና ቅዳሴ ባይኖር፣ ወደየትኛው እሑድ እንደሚዛወር ካህኑ ይነግሩሻል። ጥምቀቱ በማለዳ ከቅዳሴ በፊት ስለሚፈጸም ከዋዜማው ይድረሱ። ጫማ እንደሚወልቅ፣ ወንድና ሴት ለየብቻ እንደሚቆሙ፣ ቅዳሴውም ሰዓታት እንደሚወስድ አስቀድሞ ይነገራቸው፤ ለእናቱም ወንበር አስይዢላት።